እሺ ስል መስማቴ ነበር

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ማቆያ ክፍል ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። በሩ ላይ የነበረውን «ንብረት ክፍል» የሚል ጽሑፍ በቀለም ሊያጠፉት ጀምረው፣ ቀለሙ አልቆባቸው ይሁን ሰልችቷቸው፣ «ክፍል» የሚለው ጠፍቶ «ንብረት» እንዳለ ቀርቷል። ፖሊሷ ቁልፉን እስክታገኝ ድረስ እሱን እያነበብኩ ቆምኩ። ውስጡ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ጥግ ላይ ክዳኑ የማይገጥም ባልዲ፣ ከባልዲው በተቻለ መጠን ርቆ የተነጠፈ አንድ ፍራሽ። ፍራሹ ላይ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት እግራቸውን ዘርግተው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ግቢ» አለችኝ ፖሊሷ።

«እሺ» አልኩ።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከሷ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ሲሉኝ «እሺ» ብዬ ተነሣሁ። ሹራቤን ከወንበሩ ላይ ላንሣ ስላቸው «አያስፈልግም፣ አሁን ትመለሻለሽ» አሉኝ። «እሺ» ብዬ ተውኩት። ኅዳር ነበር። የአሰላን ኅዳር የሚያውቅ ሰው ሹራብ ትቶ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ማንንም አይምርም። ሁለት ሰው ፊት የገዛ ሹራቧን አንሥታ መልበስ ያቃታት ሴት፣ በከተማው የምትታወቀው ሰዎችን በራስ መተማመን በማሠልጠን ነው።

እውነቴን ነው። ሥራዬ ጋይዳንስ ነበር፤ የተማሪዎች አማካሪ። ከሌላ ክልል ተመድቤ አሰላ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከተማሪ አልፌ ለመንግሥት ሠራተኞችም ሥልጠና እሰጣለሁ። መስታወት ፊት ቁሙና «እችላለሁ» በሉ። መጥፎ ሐሳብ ሲመጣባችሁ «ቁም!» በሉት። አራት እስክትቆጥሩ አየር ሳቡ፣ አራት እስክትቆጥሩ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጥሩ ስትሠሩ ራሳችሁን ሸልሙ። ሰዉ ማስታወሻ ይይዛል፤ ለአበሉ ብቻ የመጣው ሳይቀር ይይዛል። ማይክራፎን ይዤ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ከመድረክ ስወርድ ግን ያው እኔው ነኝ፤ ኮሚቴ ግቢ ሲሉኝ እሺ፣ የሌላ ሰው ክፍለ ጊዜ ሸፍኚ ሲሉኝ እሺ፣ አከራዬ ውሃውን ሲዘጉብኝ እሺ።

ያሳሰረኝ የሴቶች ክበብ ልምምድ ነው። ልጃገረዶቹ «ነይ ላድርስሽ» የሚል ባለመኪና ሲቆምባቸው፣ ከትምህርት አስወጥቶ ሊድራቸው የሚፈልግ ዘመድ ሲመጣባቸው አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ መልስ የላቸውም። እኔ ደግሞ አፍ የሚናገረው የለመደውን ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ማስለመድ ነበረብኝ። አሥራ ሁለት ልጆች መድረክ ላይ አቆምኩ። እነሱ ይጠይቃሉ፣ አዳራሹ ይመልሳል። «ነይ ላድርስሽ?» «እምቢ!» «ትምህርትሽን ተይው?» «እምቢ!» መጀመሪያ ሰሞን ድምፃቸው ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት መቶ ልጅ አዳራሹን አናወጠው። ደስ አለኝ፣ ኮራሁም።

ያ ሳምንት ግን የሰልፍና የአመፅ ወሬ በዝቶ ከተማው ጆሮውን አቁሞ የሚውልበት ሳምንት ነበር። ሱቆች ቶሎ ይዘጋሉ፣ ባጃጆች ከመሸ አይወጡም፣ ሰው ሲያወራ ዞር ብሎ ያያል። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ የሚሰማው ጥያቄውን አይደለም፤ ጥያቄው በአንዲት ልጅ ድምፅ ነው። የሚሰማው መልሱን ብቻ ነው። ሁለት መቶ ተማሪ በአንድ ድምፅ «እምቢ! እምቢ! እምቢ!» ማን ሄዶ እንደተናገረ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ፈርቶ ይሆናል። እኔም ብሆን መንገድ ላይ ሆኜ ብሰማው እፈራ ነበር።

ፍራሹ ላይ ያገኘኋቸው እናት ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ፖሊሶቹ ሳይቀሩ «አዮ» ነበር የሚሏቸው፤ በአካባቢው ኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። እኔም አዮ አልኳቸው። ወንድ ልጃቸው ይፈለጋል። እሱ ሲጠፋ እሳቸውን አመጡና «ልጅሽ እስኪመጣ እዚህ ቆዪ» አሏቸው። እኔ ስገባ አሥራ አራተኛ ቀናቸው ነበር።

«ልጄ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው» አሉኝ የፍራሹን ግማሽ እየለቀቁልኝ። «ወላሂ፣ ሲያገባ እንኳን አላማከረኝም። አሁን የት እንዳለ እኔን ይጠይቃሉ።»

ከዚያ ሹራብ እንደሌለኝ አዩና፣ ምንም ሳይሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደኔ ወረወሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሥልጠናዬን በራሴ ላይ ሞከርኩ። መስታወት የለም፤ ግድግዳውን እያየሁ «እችላለሁ» አልኩ። አዮ «ምኑን ነው የምትችዪው?» አሉኝ። በጥልቀት ልተንፍስ አልኩ፤ ያ ባልዲ ባለበት ክፍል አራት እስኪቆጠር አየር መሳብ ምን እንደሚመስል በሥልጠና ወረቀቴ ላይ አልተጻፈም፣ አጥወለወለኝ። ክፉ ክፉው ሲታየኝ ድምፄን አውጥቼ «ቁም!» አልኩት። በር ላይ ያለችው ፖሊስ ከውጭ «ማንን ነው ቁም የምትዪው?» ብላ ጮኸችብኝ። «ይቅርታ» አልኳት። በገዛ ራሴ ተናደድኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ ተናደድኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሳሞኝ የኖርኩ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መርማሪው ወሰዱኝ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ። እንደ ሌሎቹ አንቺ አላለኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ «አላስታወሱኝም፣ ቲቸር» አለኝ።

አላስታወስኩትም።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ሥልጠና ሰጥተውናል። እኔ ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ያኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ግንባሬን ላብ ያጠምቀው ነበር። አሁንም ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት እቆማለሁ። በጣም ነው የጠቀመኝ። አንድ ቀን አግኝቼ ላመሰግንዎት እመኝ ነበር።»

ምን ይባላል? «እሺ» አልኩ።

ሥልጠናው ይሠራል ማለት ነው። ዓይኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ፤ ዓይን ማየትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጠይቆ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዝምታውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የኔ ዓይን ግን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እጄ ጉልበቴ መሃል ነው።

«ልምምዱ ዝም ብሎ ልምምድ እንዳልነበረ፣ ሌላ ዓላማ እንዳለው መረጃ ደርሶናል።»

«እሺ።»

«መድረክ ላይ ወጥተው የመሩት ልጆች አሥራ ሁለት ናቸው።»

«እሺ።»

«ስማቸውን ይሰጡናል ማለት ነው።»

«እሺ፣ ግን...»

እሱ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ግን ያልኩትን ሳልጨርስ ሌላ ጥያቄ ይመጣል።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ነውር ነው። ስልክ ላይ እንኳን ትንሽ ዝም ካልን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «አለሽ?» ይላል። እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያልን ነው የምናዳምጠው። ተስማማሁ ማለት ሳይሆን እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። ይህን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቃል፤ መርማሪውም ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስጠራኝና የተተየበውን ቃሌን አነበበልኝ። «...የልምምዱ ዓላማ ሌላ መሆኑ ሲገለጽላት እሺ በማለት አምናለች። ልምምዱን የመሩትን የአሥራ ሁለት ተማሪዎች ስም ዝርዝር እንድትሰጥ ስትጠየቅ እሺ በማለት ተስማምታለች።» ከሥር አሥራ ሁለት ባዶ መስመር አለ፤ ተራ ቁጥሩ ተሞልቷል። ከዚያ በታች የኔ ስምና ፊርማ።

«እኔ እንደዚህ አላልኩም» አልኩ።

«እሺ አላሉም?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«አይቸኩሉ። ነገ ጠዋት ይሞሉታል፣ ይፈርማሉ። ከዚያ ነገውኑ ወደ ቤትዎ።»

«እሺ» አልኩ።

እንደገና! ምላሴን ልነቅላት ቃጣኝ።

በክበቡ መዝገብ ላይ የልጅ ስም አንጽፍም፤ ልጆቹ የቤታቸውን ጉድ ስለሚነግሩኝ በቁጥር ነው የምይዛቸው። የትምህርት ቤቱ ሰዎችም፣ ከመምህር እስከ ተማሪ፣ ሲጠየቁ «እሷ ናት የምታውቃቸው» ብለው አልፈዋል፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ስለዚህ ስሞቹን ከኔ ሌላ የሚሰጣቸው አልነበረም። ከአሥራ ሁለቱ ትንሿ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለመድረክ ያበቃኋት ከስንት ልመና በኋላ ነው። ያ ወረቀት ከተሞላ ነገ ማታ እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ እሷ ባልዲው አጠገብ ናት። ራሴን ስለማውቅ ነው የፈራሁት። ጠዋት ሲመጣ እስክሪብቶውን ያቀብለኛል፣ በጨዋ ደንብ «ይኸው ቲቸር» ይለኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ።

ክፍሉ ስመለስ ለአዮ ነገርኳቸው። ቆሎአቸውን ማኘክ አቆሙ።

«እሺ አልሽው?»

«መስማቴ ነበር፣ አዮ። እየሰማሁ ነው ማለቴ ነበር።»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ፊታቸው የነጋዴ ፊት ሆነ።

«እኛም በቋንቋችን ሀዬ እንላለን» አሉ። «ጎረቤት ሲያወራ ሀዬ፣ ዘመድ ሲያወራ ሀዬ። ገበያ ላይ ግን አንልም። ቅቤ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ቅቤውን አያይም፣ አፍሽን ነው የሚያየው። ዋጋሽን ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ዝም። እሱ ያወራል። አርጅቷል ይላል። ውሃ አለው ይላል። አንቺ እሺ ካልሽ አለቀ፤ ውሃ አለው ብለሽ አመንሽ። ገበያ ላይ እሺ ቀድሞ ያለ ከሰረ።»

«ለምዶብኝ ነው። አፌ ነው የሚለው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ አፍሽን እናስለምደዋ።»

ቀን ቀን ሴት ልጃቸው ምሳ ታመጣላቸዋለች። የዚያን ቀን ከእንጀራው ጋር በፌስታል የገብስ ቆሎ መጥቶ ነበር። አዮ ነጠላቸው ላይ ዘረገፉትና ለሁለት ከፈሉት። «ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የኔ። ከአሁን ጀምሮ እሺ ባልሽ ቁጥር አንድ ጭብጥ ለኔ ትሰጫለሽ። ሰማሽ?»

«እሺ።»

እጃቸውን ዘረጉ። የመጀመሪያው ጭብጥ ሄደ።

ሽልማትና ቅጣት በሚል ርዕስ ይህንኑ ከነሥዕሉ ወረቀቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በየዓመቱ አንብቤዋለሁ፣ አስነብቤዋለሁ። በሆዴ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። የእስር ቤት ቆሎ ዝም ብሎ ቆሎ አይደለም።

አዮ ወገባቸውን አቅንተው መርማሪ ሆኑ። የምግቡን ክዳን እንደ ወረቀት ያዙ። አይተውት የማያውቁትን ልጅ ትሕትናውን ሳይቀር አመጡት።

«ቲቸር፣ ደኅና አደሩ? ውሃ ይፈልጋሉ?»

«እሺ፣ አመሰግና...»

«ቆሎ አምጪ!»

«አዮ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው!»

«ከውሃ ነው የሚጀምሩት። እንደገና። ቲቸር፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ዝም አልኩ። ዝምታው አሳከከኝ። ትልቅ ሰው እያናገረኝ መልስ አለመስጠት ያሳደጉኝን ሰዎች የሰደብኩ ያህል ከበደኝ።

«ልጆቹን እኮ አንጎዳቸውም። ለመምከር ነው የምንፈልጋቸው። እርስዎም መምህር ነዎት፣ ይገባዎታል።»

አንገቴ በራሱ ጊዜ ተነቀነቀ።

«መነቅነቅም እሺ ነው! አምጪ!»

እንዲህ ስንል ዋልን። በሁለት ጭብጥ ተቀጣሁ፣ በሦስት ተቀጣሁ። አንድ ጊዜ ተናድጄ «በቃ፣ አልችልም፣ ሰለቸኝ!» ብዬ ጮኽኩባቸውና ወዲያው ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው አልተቀየሙም። «እሱን ለኔ ከምትዪ ነገ ለሱ በዪው» አሉ።

«እምቢ ስል ድምፄ ይቀጥንብኛል፣ አዮ።»

«ይቅጠን። ማን ድምፅሽን ለካ? እምቢን እዪው፤ ከንፈርሽን ገጥመሽ ነው የምትከፍቺው። አስበሽ ካልሆነ አይወጣም። በኛም ዲዲ ነው፣ እምቢ በይ ማለት፤ እሱም ምላስ ያሠራል። እሺ ግን ጥርስሽ መሃል ሾልኮ ይወጣል። ጥርስሽን ዝጊበት።»

«ጥርሴን ዘግቼማ መናገር አልችል።»

ትንሽ አሰቡና ከራሳቸው ድርሻ አንዲት ፍሬ አነሡ። «በዚህ ዝጊበት። ጥርስሽ መሃል ያዣት፣ እንዳትቆረጥሚያት። እሺ ልትዪ ስትዪ እሷን ታገኛለሽ።»

ሞከርኩት። አዮ እየተለማመጡ፣ እየተቆጡ፣ እየለመኑኝ ጠየቁኝ። ገብሷን ነከስ አድርጌ ያዝኳት። አሥር ጥያቄ ያህል ያለ አንድ እሺ አለፍኩ። ከዚያ «ጎበዝ፣ አሁን እንጀራሽን ብዪ» ሲሉኝ «እሺ» አልኩ፤ የመጨረሻው ጭብጤም በዚያው ሄደ።

ጠዋት ፖሊሷ ስሜን ስትጠራ አዮ ተነሥተው መዳፌ ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ አስቀመጡ።

«ይቺ የሥራ ናት። እንዳትበዪያት።»

የመርማሪው መስኮት ክፍት ነበር። ነፋሱ ከብቅል ፋብሪካው በኩል ስለነበረ ቢሮው ብቅል ብቅል ይሸታል። ውጭ ጋሪ ሲያልፍ የፈረሱ ኮቴ ይሰማል። ከተማው ሥራውን ይዟል፤ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነኝ፣ ጉንጬ ውስጥ አንዲት ገብስ አለች።

«ደኅና አደሩ ቲቸር? ብርድ ልብስ ሰጥተዋችኋል?»

«አልሰጡንም» አልኩ። ትናንት ቢሆን እሺ፣ ደኅና ነን እል ነበር።

ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግሞ አነበበልኝ። በየነጥቡ ቆም ይላል፣ የኔን ቃል ይጠብቃል። ቃሉ በየነጥቡ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ገብሷን እይዛታለሁ። እሱ ይጠብቃል፣ እኔ እጠብቃለሁ።

«ቲቸር፣ እየሰሙኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው። አልተስማማሁም።»

እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋ አደረገ። «ይኸው።»

አላነሣሁትም። «አልፈርምም» አልኩ። «እሺ ያልኩት እየሰማሁ ስለነበር ነው። እሺ በማለት አምናለች የሚለው ይሰረዝልኝ። የልጆቹንም ስም አልሰጥም።»

«አልሰጥም ሲሉ...»

«እምቢ ማለቴ ነው።»

ድምፄ የፈራሁትን ያህል ቀጠነ። የወፍ ጫጩት ብትናገር እንደዚያ ነው። ነገር ግን ከንፈሬን ገጥሜ ነው የከፈትኩት፤ ቃሉም ወጥቷል።

«እሺ» አለ መርማሪው።

ሁለታችንም ሰማነው። እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«እሺ ስል... ሰምቻለሁ ማለቴ ነው» አለ።

«እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከኋላ የተቀመጠው፣ ስሙ ሲጠራ የሚያልበው ልጅ ያን ጊዜ ታየኝና አዘንኩለት፤ ከዚያ ስለማዘኔ በራሴ ተናደድኩ። እሱ ወረቀቱን አልቀደደውም፣ አልሰረዘውምም። መሳቢያው ውስጥ አስገባውና «ይመልሷት» ብሎ ፖሊሷን ጠራ።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ገብሷን ቆረጠምኳት። ፖሊሷ ዞር ብላ «ምንድነው የምትበዪው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም።

አዮ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። የሆነውን ስነግራቸው አላጨበጨቡም፣ አላቀፉኝም። «ገብሷስ?» አሉኝ።

«በላኋት።»

«የሥራ ናት ብዬሽ!» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮውን ፈቱ። የትናንቱን ቆሎዬን ሳይነኩት አስቀምጠውልኝ ኖሯል፤ በሁለት እጃቸው አፍሰው ጭኔ ላይ አፈሰሱልኝ።

ጀግና እንዳትሉኝ የቀረውንም ልናገር። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ክስ አልተመሠረተብኝም፣ ይቅርታ የጠየቀኝም የለም። ልጆቹን የጠራቸው አልነበረም፤ ያ ወረቀት አሁንም መሳቢያው ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። አዮ ከኔ በፊት ወጡ። ልጃቸው አልመጣም፤ ሰዎቹ መጠበቅ ሰለቻቸው እንጂ። እኔ ስፈታ «ከእንግዲህ ተማሪ ሰብስቤ ልምምድ አላደርግም» የሚል ወረቀት ሰጡኝ፤ ፈረምኩ። ሁሉም ይፈርማል አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ያቺኛዋ እሺ ደግሞ መስማቴ አልነበረችም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር።

አሁን ቤተ መጻሕፍት ነው የመደቡኝ። አዳራሹ ውስጥ የተሰበሩ ዴስኮች ተከምረዋል። ልጃገረዶች መጽሐፍ ሊዋሱ ሲመጡ ጠጋ ብለው «ቲቸር፣ ክበቡ አይቀጥልም?» ይሉኛል፤ ይህን ጥያቄ ስሰማ አሁንም ያንገበግበኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ የምገዛው ከአዮ ነው። ዋጋቸውን ይናገሩና ዝም ብለው ያዩኛል። ለማንም የማይቀንሱትን ለኔም አይቀንሱም። በመጨረሻ «እሺ» ስል እየሳቁ «ከሰርሽ!» ይሉኛል።

ይህን ስጽፍ አስተያየት እንዲሰጠኝ ለአንድ ለማምነው ሰው ልኬለት ነበር። ሰሞኑን ደወለልኝ። ጽሑፉን ወዶታል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል አለ፤ የአሥራ ሁለቱ ልጆች ስም። ጊዜው አልፏል፣ ልጆቹም አድገዋል፣ ስም ያለው ታሪክ ይታመናል፣ ቢቀር ቢቀር የመጀመሪያ ፊደላቸውን ብታስገቢ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለጽሑፉ ብሎ ነው። ረጅም ጊዜ ተናገረ፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁት። ዝምታዬ ስለበዛበት «አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት። «እምቢ።»